በሩን ከመዝጋታችሁ በፊት መስኮቱን ክፈቱልን

ይድረስ፦ በጅማ ከተማ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍትንና የንባብ ቤቶችን ለምታስተዳድሩ፣ ለከተማዋ የጤና ኃላፊዎች፣ ለእድር ዳኞችና ለአንባቢው ሁሉ

ክቡራን፣

ኮሮና ከዜና ከወጣ ቆየ። የዓለም ጤና ድርጅትም ዓለም አቀፍ የጤና አደጋነቱ አብቅቷል ያለው ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። ታዲያ አሁን ምን አስጻፈህ ትሉኝ ይሆናል። ያስጻፈኝ ይኸው መረጋጋቱ ነው። ወረርሽኝ ሲገባ ደብዳቤ የሚያነብ ኃላፊ አይገኝም፤ ሁሉም ስብሰባ ላይ ነው። ውሳኔውም በአንድ ሌሊት ይሰጣል። በአንድ ሌሊት የሚሰጥ ውሳኔ ደግሞ ብዙውን ጊዜ "ይዘጋ" ብቻ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እንግዲህ አሁን ነው።

ሕዝቡ እንኳ የ1911ዱን የኅዳር በሽታ ከመቶ ዓመት በኋላም አልረሳም፤ ኅዳር 12 በመጣ ቁጥር ቆሻሻውን ያጥናል። (ጭሱ ለሳንባ ይበጃል ወይ የሚለውን ለጊዜው እንተወው።) ኮሮና ግን ስድስት ዓመት ሳይሞላው ከመሥሪያ ቤቶቻችን ፋይል የጠፋ ይመስላል።

እኔ በዚችው ከተማ ባዮሎጂ የማስተምር ሰው ነኝ። ተማሪዎቼን ከክፍል ውጭ የማገኛቸው ላይብረሪ ውስጥ ነው። ጥያቄዬ ከባድ አይደለም። ቀጣዩ በሽታ ሲመጣ ላይብረሪዎቻችን መጀመሪያ የሚዘጉ፣ መጨረሻ የሚከፈቱ ቤቶች አይሁኑ። መቼ ሙሉ በሙሉ ክፍት እንደሚሆኑ፣ መቼ በከፊል እንደሚሠሩ፣ መቼ እንደሚዘጉና ማን እንደሚወስን ከወዲሁ ይጻፍ። አንድ ገጽ ይበቃል። በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ይለጠፍ።

2012ን ላስታውሳችሁ። መጋቢት 4 የመጀመሪያው ታማሚ አገራችን ውስጥ መገኘቱ ተነገረ። መጋቢት 7 ትምህርት ቤት ይዘጋ ተባለ። መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ። መጨባበጥ ቀረ። የሁለት አዋቂ ሰው ርምጃ ተራርቃችሁ ቁሙ ተባለ። ታክሲው በግማሽ ጭኖ ሂሳቡን እጥፍ አደረገው። ያኔ መዘጋቱን አልቃወምም። በሽታው ገና አልታወቀም ነበር። ሐኪሙም፣ መንግሥቱም፣ እኛም በዳበሳ ነበርን።

ቅር ያለኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ባጃጁ ተመለሰ። ቡና ቤቱ ተመለሰ። ሐሙስ ገበያ ሰው ትከሻ ለትከሻ እየተሻሸ ይገበያይ ነበር። በ2013 መጀመሪያ ትምህርት ቤቶች በፈረቃ መከፈት ጀመሩ። እኔና ተማሪዎቼ የምንጠቀምበት የንባብ ቤት ግን እንደተቆለፈ ቆየ። ስሙን አልጠራም፤ ያኔ የነበሩት ኃላፊዎች ዛሬ የሉም። በሩ ላይ "ላልተወሰነ ጊዜ" የሚል ወረቀት ተለጥፎ ነበር። የጅማ ዝናብ ፊደሉን አጥቦ እስኪጨርሰው ድረስ ማንም አላነሳውም። ጥበቃውን ስንጠይቅ "ትእዛዙ ከላይ ነው" ይለናል። ላይ ያሉትን ስንጠይቅ "የጤና ጉዳይ ነው" ይሉናል። የጤና ሰዎችን ስንጠይቅ ደግሞ "እኛ ዝጉ አላልንም" አሉን። እንዲህ እየዞርን ወራት አለፉ። ክፉ ሰው ስለነበረ አይመስለኝም። ክፈቱ የማለት ሥራ የማንም ሥራ ስላልነበረ ነው።

ላይብረሪ ሲባል መጽሐፍ ብቻ የሚታየው ሰው አለ። እኛ ከተማ ላይብረሪ የሚገባ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ የራሱን ደብተርና የራሱን ወርክሺት ይዞ ነው የሚመጣው። የሚፈልገው ወንበር፣ ጠረጴዛ፣ መብራትና ጸጥታ ነው። ቤቱ አንድ ክፍል ነው። እዚያው ይበሰላል፣ እዚያው ይተኛል፣ ታናናሾቹ እዚያው ይላቀሳሉ፣ ቴሌቪዥኑም እዚያው ይጮኻል። 2012 ላይ ትምህርት በሬዲዮ፣ በቴሌቪዥንና በቴሌግራም ይቀጥላል ሲባል ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። ግን ቴሌግራም ዳታ ይፈልጋል፤ ዳታ ደግሞ ብር። ያለው ልጅ ቤቱ ተቀምጦ አነበበ። የሌለው ልጅ ሊስትሮ ሳጥኑን ይዞ ወጣ፤ ሲመሽም ደብተሩን የሚዘረጋበት ቦታ አልነበረውም።

ትምህርት ሲዘጋ 10ኛ ክፍል የነበሩትን ልጆች አስቡ። 12ኛን የጨረሱት በ2014 ነው። ማትሪካቸውን በ2015 መጀመሪያ በየዩኒቨርሲቲው ገብተው ተፈተኑ። ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲነገር አገር ደነገጠ። ምክንያቱ ብዙ ነው። ጦርነቱ አለ። ኩረጃው መጥበቁ አለ። የከረመ የጥራት ችግር አለ። ሁሉንም በአንድ የተዘጋ በር ላላክክ አልችልም። ነገር ግን እነዚያ ልጆች ሊያነቡበት ይችሉት የነበረ ወንበር ተቆልፎበት ነበር። ይህን ግን አውቃለሁ።

አሁን ወደ በሩ እንምጣ። በር ስል የእውነቱን በር ነው።

መግቢያው ላይ አንዲት ጠባብ ጠረጴዛ አለች። ጠረጴዛዋ ላይ በእጅ የተሰመረ መዝገብ ተዘርግቷል። መዝገቡ አጠገብ በሲባጎ የታሰረ እስክሪብቶ አለ፤ ጫፉ በጥርስ ተነክሶ ተነክሶ ነጥቷል። ስም፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ የገባበት ሰዓት፣ ፊርማ። መታወቂያህን ትሰጥና ቁጥር የተጻፈባት ካርድ ትቀበላለህ። ቦርሳህን መደርደሪያው ላይ ታስቀምጣለህ። ከዚያ ትፈተሻለህ። ከኋላህ የቆመው ልጅ ትንፋሹ ማጅራትህ ላይ ነው። ፈተና ሲቃረብ ሰልፉ ኮሪደሩን ሞልቶ ደጅ ይወጣል። ኮሪደሩ ደግሞ አንድም መስኮት የለውም።

እንግዲህ ውስጥ ገብተን ወንበር እየዘለልን ብንቀመጥ ምን ዋጋ አለው? እዚያች ጠረጴዛ ጋ ስንደርስ ሁላችንም ተቃቅፈን ነው የምንገባው። ይህን ለማስተካከል በጀት አያስፈልግም። ጠረጴዛዋ ወደ በረንዳው ትውጣ። ጥበቃው ራሱ ይመዝግብ፤ ወይም አንባቢው የራሱን እስክሪብቶ ይያዝ። ቦርሳም እዚያው በረንዳ ላይ ይቀመጥ። በሰላሙ ጊዜም ቢሆን ሰልፉን የሚያፋጥነው ይኸው ነው።

የሙቀት መለኪያዋን ሽጉጥ ግን ለሌላ ጊዜ አታምጡብን። እኔን አንዴ 34 ዲግሪ አለችኝ። 34 እውነት ቢሆን ኖሮ ሰውነቴ በብርድ ተጎድቷል ማለት ነበር። ጥበቃው ቁጥሩን አየና "እለፍ ጋሼ" አለኝ። ኮሮና ምልክት ከማያሳይ ሰውም ይተላለፍ ስለነበር መለኪያዋ በደንብ ብትሠራ እንኳ ብዙ አታድንም። ለሷ የሚወጣው ገንዘብ ሳሙና ይግዛ።

ሳሙና ካነሳሁ አይቀር። 2012 ላይ በየበሩ የተደረደሩት ባልዲዎችና በእግር የሚረገጡ መታጠቢያዎች ዛሬ የት እንዳሉ የሚያውቅ አለ? አንዳንዶቹ የአበባ መትከያ ሆነዋል። ላይብረሪ በር ላይ አንድ ሮቶ፣ አንድ ቧንቧና አንድ ማፍሰሻ በቋሚነት መኖር አለበት፤ ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ በርሜል ብቻ አያዛልቅም። ደረቅ ሳሙና ይጠፋል፤ ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ፈሳሽ ሳሙና በውኃ ቀጥኖ ክዳኑ በተበሳ ሃይላንድ ውስጥ ቢታሰር የሚሰርቀው የለም። እጅ በሳሙና ከ40 እስከ 60 ሰከንድ መታጠብ እንዳለበት የዓለም ጤና ድርጅት ይመክራል። ቧንቧው አንድ ብቻ ከሆነ ይህ በራሱ ሌላ ሰልፍ ይፈጥራልና ሁለት ይሁን።

መጽሐፎቹስ? እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ስህተት የተሠራው እዚህ ነው።

ከመጽሐፍ በሽታ ይይዘናል የሚለው ፍርሃት በኮሮና የተጀመረ አይደለም። ከመቶ ዓመት በፊት እንግሊዞችም አሜሪካኖችም ነቀርሳና ቀይ ትኩሳት ከላይብረሪ መጽሐፍ ይመጣል ብለው ተሸብረው ነበር። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1907 ባወጣችው ሕግ ተላላፊ በሽታ ያለበት ሰው ከሕዝብ ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ እንዳይዋስ ከልክላ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 ፍርሃቱ ሲመለስ ግን አንዳንዶች ከመፍራት ይልቅ ለኩ። ኦሲኤልሲ የተባለው የቤተ መጻሕፍት ድርጅት ከባቴል ቤተ ሙከራ ጋር ሆኖ ቫይረሱን በመጽሐፍ ሽፋን፣ በገጽ ወረቀትና በፕላስቲክ ላይ አስቀምጦ ተከታተለው። ለየብቻ በተቀመጡት ላይ ከሦስት ቀን በኋላ አልተገኘም። ተደራርበው በተቀመጡት ላይ ግን ከስድስት ቀን በኋላም ርዝራዡ ታየ። ልዩነቱን ያመጣው መቆለሉ ነው። እኛ ደግሞ ተመላሽ መጽሐፍን ጥግ ላይ መቆለል እንወዳለን።

ቀጥሎ የመጣው ዜና ይበልጥ ጠቃሚ ነበር። ሚያዝያ 2021 በነሱ አቆጣጠር የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል አንድ የተበከለ ነገር በመንካት በኮሮና የመያዝ ዕድሉ በአጠቃላይ ከ10,000 አንድ እንደማይሞላ ገለጸ። ዋናው መንገድ አየሩ ነበር። ስለዚህ ለኮሮና ዓይነት በሽታ ተመላሽ መጽሐፍን በአንድ ጠረጴዛ ላይ ለየብቻ ዘርግቶ ጥቂት ቀን ማሳደር ከበቂ በላይ ነው። ላይብረሪውን ለዚህ ብሎ መዝጋት አያስፈልግም።

እባካችሁ መጽሐፍ ላይ በረኪና አትርጩ። ይህን ስል የሰማሁትን ሳይሆን ያየሁትን ነው። ገጾቹ ተኮማትረው፣ ቀለሙ ፈሶ፣ ጀርባው ተላቆ የተጣለ የኬሚስትሪ መጽሐፍ አይቻለሁ። በሽታውን ከመጽሐፉ ያስወጣው እንደሆነ እንጃ፤ ትምህርቱን ግን አስወጥቶታል። በረኪና ለጠረጴዛና ለበር እጀታ ነው። ጠርሙሱ ላይ 5 በመቶ የሚል ከሆነ አንድ እጅ በረኪና ለ49 እጅ ውኃ ይደባለቃል። አሽትቶ አፍንጫ የሚያቃጥል ድብልቅ የበለጠ ያጸዳል የሚለው የሰፈር ሳይንስ ነው፤ የምታጸዳዋንም ሴት ሳንባ ይጎዳል።

አየሩን ላንሳ። የደብዳቤዬ ዋና ጉዳይ እሱ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ አንድ ጥናት አለ። በፔሩ ዋና ከተማ በሊማ ስምንት ሆስፒታሎች ውስጥ የተሠራ ነው። የሳንባ ነቀርሳ እንዳይተላለፍ አየር በሰዓት ስንት ጊዜ እንደሚለዋወጥ ለኩ። በማሽን አየር የሚገባላቸው ክፍሎች 12 ጊዜ ያህል ይለውጣሉ። መስኮትና በር የተከፈተላቸው ክፍሎች 28 ጊዜ። እ.ኤ.አ. ከ1950 በፊት የተሠሩት፣ ጣሪያቸው ከፍ፣ መስኮታቸው ሰፋ ያሉት ደግሞ 40 ጊዜ። ይህን ሳነብ ከጣሊያን ዘመን የቀሩት የከተማችን ሕንፃዎች ናቸው ትዝ ያሉኝ። ያ ጣሪያ፣ ያ ረጅም መስኮት አሁንም አለ። ያልከፈትነው እኛ ነን።

ለምን አይከፈትም? ምክንያቱን አውቃለሁ፤ የላይብረሪ ሠራተኞቹም አይሸሽጉትም። በመስኮት መጽሐፍ ይወጣል። አንዱ ውስጥ ሆኖ ያቀብላል፣ ሌላው ውጭ ሆኖ ይቀበላል። መጽሐፍ ሲጎድል ደግሞ የሚጠየቀው ሠራተኛው ነው፤ ከደሞዙም ሊቆረጥ ይችላል። ስለዚህ መስኮቱ በሚስማር ይመታል። አልፈርድባቸውም። ግን መፍትሔው ሚስማር ሳይሆን የሽቦ መረብ ነው። ማንኛውም ብረት ቤት ፍሬም በይዶ መረብ ይወጥርበታል። መጽሐፍ አያሳልፍም፤ አየር ያሳልፋል።

ሁለተኛው ምክንያት ዝናብ ነው። እዚህ ዝናብ ክረምትን ብቻ አይጠብቅም፤ ከበልግ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ይወርዳል። ቆርቆሮው ሲጮህ ሁሉም መስኮት ይዘጋና ክፍሉ በአንድ ጊዜ ይታፈናል፤ እርጥብ ሹራብና እርጥብ ጫማ መሽተት ይጀምራል። በሽታው የሚተላለፈው ያኔ ነው። ቢያንስ በነፋሱ ተቃራኒ ባለው በኩል ያሉት መስኮቶች ይከፈቱ። ከመስኮቱ በላይ ወጣ ያለ ቆርቆሮ ቢመታ በዝናብም ይከፈታል። ጅማ ደግሞ እንደ ደብረ ብርሃን አይበርድም። ሹራብ ለብሶ ማንበብ ይቻላል።

ይህ ለቀጣዩ ወረርሽኝ ብቻ አይደለም። ኢትዮጵያ የሳንባ ነቀርሳ ጫና ከበዛባቸው 30 የዓለም አገሮች አንዷ ናት። ነቀርሳ አዋጅ አይታወጅለትም። የሚተላለፈው ግን እንደዚሁ በታፈነ ክፍል ነው። ዛሬ ከሰዓት በኋላ በየንባብ ቤቱ የሚያስል ልጅ ይኖራል።

በወረርሽኝ ጊዜ ተራርቀን ስንቀመጥ ወንበር ማነሱ አይቀርም። ያኔ ምን እናድርግ? እዚህ ላይ የእድር ዳኞችን በአክብሮት አስቸግራለሁ። እያንዳንዱ እድር ድንኳንና አግዳሚ ወንበር አለው። ለቅሶ በሌለበት ቀን መጋዘን ውስጥ ተጣጥፎ ይቀመጣል። ጎኑ የተከፈተ ድንኳን ግቢው ውስጥ ተተክሎ ልጆች ቢያነቡበት ከየትኛውም አዳራሽ የተሻለ አየር አለው። ድንኳኑ ቢያረጅ ማን ይተካል የሚለውን አስቀድሞ በጽሑፍ መስማማት ያስፈልጋል፤ አለዚያ ዳኞቹ እሺ አይሉም፤ እውነታቸውንም ነው።

ፈረቃም አለ። ጠዋት ለማትሪክ ተፈታኞች፣ ከሰዓት ለሌላው፤ በመሀል አንድ ግማሽ ሰዓት ሁሉም ወጥቶ በርና መስኮቱ ወለል ብሎ ይከፈት። ማን ይቅደም የሚለው ሙግት ያስነሳል። የኔ አስተያየት፦ ቤቱ መብራትም ቦታም ያለው ይታገሥ። ይህን የሚያረጋግጥ ወረቀት ከቀበሌ አምጡ ከተባለ ግን ነገሩ ተበላሸ። ልጁ ራሱ ይናገር፣ ይታመን። ጥቂቱ ሊያጭበረብር ይችላል። ያጭበርብር።

ከዚያ ደግሞ ማዋስ። ብዙዎቹ የንባብ ቤቶቻችን መጽሐፍ አያወጡም። እዚያው አንብበህ እዚያው ትመልሳለህ። በሰላም ጊዜ ያስኬዳል። በሩ ሲዘጋ ግን መጽሐፎቹም አብረው ይታሰራሉ። በኮሮና ጊዜ የብዙ አገር ላይብረሪዎች ያደረጉት አንባቢውን አላስገባም ብለው መጽሐፉን በር ላይ ማቀበል ነው። እኛስ? የመጻሕፍቱ ዝርዝር በቴሌግራም ቻናል ይለቀቅ። ልጁ የሚፈልገውን በመልእክት ይጻፍ። ስልክ የሌለው በወረቀት ጽፎ ሳጥን ውስጥ ይጣል። በማግስቱ በረንዳው ላይ ፈርሞ ይውሰድ። ዋስ ያስፈልጋል ካላችሁ እሺ፤ መምህሩ ዋስ ይሁን፣ እኔም እፈርማለሁ። ይጠፋል የምትሉትም እውነት ነው፤ የተወሰነው ይጠፋል። ተቆልፎበት በምስጥና በእርጥበት የጠፋው ግን አይቆጠርም። ይህን አሠራር ለመልመድ ወረርሽኝ መጠበቅ የለብንም። ዘንድሮ በጥቂት መጻሕፍት ይጀመር።

ዕቅዱ ግን ሁሉን በሽታ አንድ ዓይነት አያድርገው። ኮሌራ ከ2014 ማብቂያ ጀምሮ ኦሮሚያን ጨምሮ ብዙ ቦታ አዳርሷል። ለኮሌራ ማስክ ምን ያደርጋል? እዚያ ላይ የሚያስፈልገው የላይብረሪው ሽንት ቤትና የመጠጥ ውኃው ነው። (ስለ ሽንት ቤቱ ሌላ ደብዳቤ ያስፈልጋል።) ኤምፖክስ (ቀድሞ የዝንጀሮ ፈንጣጣ ይባል የነበረው) በግንቦት 2017 ሞያሌ ላይ ተገኘ። ማርበርግ በኅዳር 2018 ጂንካ ላይ ተገኘ። ያን ሰሞን ጂንካን ከጅማ ያምታታ ዘመድ ከአዲስ አበባ ደውሎ "ቶሎ ውጡ" ብሎኛል። ማርበርግ ክፉ በሽታ ነው፤ የሚተላለፈው ግን በታመመ ወይም በሞተ ሰው የሰውነት ፈሳሽ ንክኪ እንጂ እንደ ኮሮና ክፍሉን በሞላ ትንፋሽ አይደለም። ስለዚህ ከሁሉ በፊት የሚጠየቀው ጥያቄ ይህ ይሁን፦ በሽታው የሚሄደው በምን በኩል ነው? በአየር፣ በእጅ፣ በውኃ ወይስ በፈሳሽ? መልሱ ሲታወቅ ግማሹ ውሳኔ አብሮ ይታወቃል። መልሱን የሚሰጠው የጤና ባለሙያ ስሙና ስልኩ ዕቅዱ ላይ ይስፈር።

ላይብረሪው የወሬ ማጥሪያም መሆን ይችላል። 2012 ላይ ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ሎሚና ፌጦ ዋጋቸው ሰማይ ሲነካ አስታውሱ። ሰው የሚጠይቀው አጥቶ ነበር። በየሳምንቱ የሚቀየር፣ በሁለት ቋንቋ የተጻፈ፣ ፊደሉ ትልልቅ የሆነ አንድ የማስታወቂያ ሰሌዳ በቂ ነው።

ስለ ሠራተኞቹ አጭር ነገር ልበል። ቀኑን ሙሉ እዚያ ክፍል ውስጥ የሚተነፍሱት እነሱ ናቸው። ብዙዎቹ በዕድሜ የገፉ ናቸው። ጥበቃውና ጽዳቷ ኮንትራት ከሆኑ የቀሩበት ቀን ከደሞዛቸው ይቆረጣል። ስለዚህ እያሳሉ ይመጣሉ። የሚያስል ሠራተኛ ደሞዙ ሳይነካ ቤቱ ይዋል የሚል አንድ መስመር ካልገባ ሌላው ሁሉ ወረቀት ነው።

ጅማ ዩኒቨርሲቲን የምታህል ተቋም አጠገባችን አለች። ተማሪዎቿን ወደ ኅብረተሰቡ አውጥታ በማስተማር የታወቀች ናት። በየቀበሌው ቤት ለቤት የሚዞሩ የጤና ተማሪዎች አንድ ከሰዓት ላይብረሪ ውስጥ ቢውሉ ምን ይላቸዋል? የካርቦን ዳይኦክሳይድ መለኪያ ይዘው ይምጡ፤ ክፍሉ ውስጥ የሰው ትንፋሽ ምን ያህል እንደታመቀ የሚያሳየው እሱ ነው። የውጭ አየር ከሚሊዮን 420 እጅ አካባቢ ነው። ክፍሉ ሰው ሞልቶ መስኮቱ ሲዘጋ ቁጥሩ የት እንደሚደርስ፣ መስኮቱ ሲከፈት ስንት ደቂቃ ውስጥ እንደሚወርድ ለክተው ይንገሩን። ከ800 በላይ እየቆየ የሚያስቸግር ክፍል የትኛው እንደሆነ ይታወቃል። ያኔ "ስንት ሰው ይግባ" የሚለው ጥያቄ በግምት አይመለስም።

እኛ አንባቢዎችስ? ማስክ አገጭ ላይ ሰቅለን "ለብሻለሁ" ማለት ይቅር። የታመመ ቤቱ ይዋል። ወንበር ለጓደኛ በደብተር መያዝም ይቅር፤ ይሄ ከወረርሽኝም ጋር አይያያዝ፣ ግን ዕድሉን ሳገኝ ልናገረው ብዬ ነው።

መዝጋት የሚያስገድድ ጊዜ ሊመጣ ይችላል። ያኔ ዝጉ። ነገር ግን "ላልተወሰነ ጊዜ" የሚለው ወረቀት አይለጠፍ። የወሰነው ሰው ኃላፊነት፣ የተዘጋበት ምክንያት፣ ዳግም የሚታይበት ቀን ይጻፍበት። በየሁለት ሳምንቱ ይታይ። ቀኑ ሲደርስ አሁንም የማይከፈት ከሆነ አዲስ ቀንና አዲስ ምክንያት ይለጠፍ። ቀኑ አልፎ ማንም ምንም ካልለጠፈ ደግሞ በሩ በማግስቱ እንዲከፈት ዕቅዱ ያዝዝ። ባለፈው ጊዜ ክፈቱ የሚል ሰው አጥተን ነበርና።

በጀት የለም እንደምትሉ አውቃለሁ። ከጠየቅሁት ሁሉ በዋናነት ገንዘብ የሚያስወጣው መረቡ፣ ቆርቆሮው፣ ሮቶውና ሳሙናው ነው። ክረምት ትምህርት ሲዘጋ ተማሪዎቼና እኔ ጉልበታችንን እንሰጣለን። መሰላልና መዶሻ እናመጣለን። በሚስማር የተመቱትን መስኮቶች እኛ እንነቅላለን። መረቡን እናንተ ግዙ፤ የመስኮቶቹን ልክ ከፈለጋችሁ ለክቼ እልካለሁ።

አክባሪያችሁ
አንድ የባዮሎጂ መምህር
ጅማ፣ 2018 ዓ.ም.